ከሙኒክ ወደ ኡንተርፎሪንግ ቤት ልንቀይር ነው፤ የምታውቁት ንገሩን

ሂሩት_ኦስት

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው።

አሁን የምንኖረው ሙኒክ ከተማ ውስጥ ነው፣ ኦስትባንሆፍ አካባቢ። እኔ ኤርፖርት በፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ መሃል ከተማ ነው የሚሠራው። ሴት ልጃችን አራት ዓመቷ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ እስካሁን የምትተኛው እኛ ጋ ነው። ከነማሞቂያው 1,480 ዩሮ እንከፍላለን።

አሁን ኡንተርፎሪንግ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተገኘ። 78 ካሬ ነው፣ በረንዳ አለው። ኪራዩ ከነወጪው 1,790 ዩሮ። ለእኔ መንገዱ ግሩም ነው፤ ኤስ 8 ባቡር በቀጥታ ኤርፖርት ያደርሰኛል። ሄደን አየነው፣ ቤቱን ወደድኩት። ባለቤቴ ግን ቅር ብሎታል። «መንደር ነው፣ ማታ ሰው አይታይም» ይላል።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤቴ የጀርመን ዜግነት አመልክቶ እየጠበቀ ነው። ፋይሉ ያለው ሙኒክ ካፋውኤር፣ ማለትም የዜግነት ጉዳይ የሚያየው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው። አንድ የሥራ ጓደኛው «ከከተማው ከወጣህ ፋይልህ አለቀለት» ብሎ አስፈራርቶታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

እኔ ደግሞ ያልገባኝ፣ ይቺ ኡንተርፎሪንግ የምትባለው ከዮሃንስኪርሸን ቀጥላ ያለች ጣቢያ ናት። የመኪናው ታርጋ እንኳ እንደ ሙኒክ «ኤም» ነው። ታዲያ እንዴት ሙኒክ አትሆንም? ልዩነቱስ ለኛ ምን ያመጣል? እዚያ የኖረ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። መልስ የምንሰጠው በዚህ ሳምንት ነው።

ናቲ_ፓዚንግ

ኧረ ምን ትጠይቂያለሽ፣ ፈርሚ! ሦስት ክፍል በዚህ ዋጋ ሙኒክ ዙሪያ ተገኝቶ ሰው ያስባል እንዴ? አከራዩ ሐሳቡን ሳይቀይር በፊት ቁልፉን ተቀበሉ። ማታ ሰው ከሌለማ እሰየው ነው፤ የፈረቃ ሠራተኛ እንቅልፍ እንጂ ሰው ምን ያደርግለታል?

የኢዛር_ዳር

እህቴ ሂሩት፣ እኔ እዚያው ነዋሪ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያ ነው። ሥራዬ መብራት ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ መብራት እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ የሰማሁትን ሳይሆን የምኖረውን ነው። ወሬዬ ረጅም ስለሆነ ሻይሽን ያዢ።

ናቲ፣ አንተ ልጅ ቸኩለሃል። የዜግነቱን ፋይል ነገር አልፈኸው ሄድክ።

መጀመሪያ «እንዴት ሙኒክ አትሆንም» ላልሽው። ኡንተርፎሪንግ የሙኒክ ሰፈር አይደለችም። ራሷን የቻለች ጌማይንደ፣ ማለትም የራሷ አስተዳደር ያላት ማዘጋጃ ናት። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ በጀት አላት። ከንቲባውን ነዋሪው በቀጥታ ይመርጠዋል፣ ለስድስት ዓመት። ነዋሪዋ 11 ሺህ ገደማ ነው። ባየርን ውስጥ እንዲህ ያሉ ጌማይንደዎች ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ሙኒክ ዙሪያ ያሉት 29ኙ በአንድ ላይ ላንድክራይስ ሙኒክ ይባላሉ። ስሙ ሙኒክ ይሁን እንጂ ከተማው ራሱ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ታርጋው ግን ለሁለቱም «ኤም» ነው፤ አንቺን ያሳሳተሽም እሱ ነው።

በጣም የሚያስቀው ደግሞ የላንድክራይሱ መሥሪያ ቤት፣ ላንድራትስአምቱ፣ ያለው ሙኒክ ከተማ ውስጥ መሆኑ ነው። ማሪያሂልፍፕላትዝ ላይ። ማለትም ከከተማው ትወጫለሽ፣ ለወረቀት ግን ተመልሰሽ ከተማ ትገቢያለሽ። በሩ ብቻ ሌላ ነው።

እኔ ለሰው ሁሉ የምለው ይኼን ነው፦ ባቡሩ ድንበሩን አያውቀውም፣ ወረቀቱ ግን ያውቀዋል። ዮሃንስኪርሸንና ኡንተርፎሪንግ መካከል ምንም አጥር የለም። ያቺን የማትታይ መስመር ስትሻገሪ ግን የምትመዘገቢበት ቦታ፣ የልጅሽ መዋለ ሕፃናት፣ ቆሻሻ የምትጥይበት ግቢ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድስልሽ ሰው፣ ሁሉም ይቀየራል።

የባልሽን ጉዳይ አሁን ልናገር፣ ዋናው እሱ ነውና። ፋይሉ አይጠፋም። ያ የሥራ ጓደኛው አጋንኗል። ነገር ግን ጭራሽ ምንም የለም ማለትም አይደለም። ዜግነትን የሚያየው አመልካቹ የሚኖርበት አካባቢ ባለሥልጣን ነው። ሙኒክ ከተማ ለሚኖር ከተማው፣ ኡንተርፎሪንግ ለሚኖር ላንድራትስአምቱ። ሰው አድራሻ ሲቀይር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ወደ አዲሱ ቦታ ይላካል። እዚያ ሌላ ሰው ከፍቶ እንደገና ያነበዋል። ያ ጊዜ ይወስዳል። በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ የሚጠበቀው ኑሮ ከስምንት ወደ አምስት ዓመት ከወረደ በኋላ አመልካቹ በዝቷል። ስለዚህ ወረፋው የትም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ከተስማሙ፣ ጉዳዩን የጀመረው ሊጨርሰው ሕግ ይፈቅድለታል። ግዴታቸው አይደለም። ግን ፋይሉ መጨረሻው ላይ ከደረሰ መጠየቅ ያዋጣል። ባልሽ ውል ከመፈረሙ በፊት አክተንጻይኸኑን፣ የፋይል ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ጠቅሶ በጽሑፍ ይጠይቅ። «አድራሻ ልቀይር ነው፣ ጉዳዬ የት ደርሷል፣ እናንተው ልትጨርሱት ትችላላችሁ ወይ» ይበል። በስልክ አይሁን። በስልክ የተነገረን ነገር ማንም አያስታውሰውም።

አንቺ ራስሽ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ከሆንሽ፣ የሚያልቅበትን ቀን እዪው። ቀኑ ቅርብ ከሆነ ከመዛወርሽ በፊት ማመልከቻሽን አስገቢና ማስረጃሽን ያዢ።

ስለ ሰፈሩ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ።

ቲጂ_ፍራይማን

እኔ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስባችሁ። ኡንተርፎሪንግ ርካሽ አይደለችም። ሰዎች «ከከተማው ወጣ ካልን ይቀንሳል» ብለው ያስባሉ። ሙኒክ ዙሪያ ያሉት፣ በተለይ ኤስ-ባን (እንደ ኤስ 8 ያለው የከተማ ዙሪያ ባቡር) ያለባቸው፣ ከከተማው እኩል ናቸው። አንዳንዶቹ እንደውም ይብሳሉ። ሂሩት ያገኘችው ዋጋ ደህና ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ውሉን በደንብ ታንብበው።

ሂሩትዬ፣ ኢንዴክስሚተ የሚል ቃል ውሉ ውስጥ አለ ወይ? ካለ ኪራዩ ከገበያ ዋጋ ንረት ጋር አብሮ ይጨምራል ማለት ነው። ሽታፈልሚተ ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምር አስቀድሞ ተጽፏል፤ ደምሪውና በአምስተኛው ዓመት ስንት እንደሚሆን እዪ። መኪና ማቆሚያው ለብቻው ይከፈላል ወይ? ኩሽናው የማነው? እዚህ አገር ኩሽና ነቅሎ የሚሄድ ተከራይ አለ፣ አትርሺ።

መያዣው ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ (ማሞቂያውና ሌላው ወጪ ሳይጨመር) መብለጥ አይችልም። እሱንም በአንዴ አምጡ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ተከራይ በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ቤቱ ስትገቢ ነው። እኔን አንድ አከራይ ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ቀድመሽ ካላመጣሽ ብሎኝ ነበር። ሕጉን ስጠቅስለት ድምፁ ተቀየረ፣ ቤቱንም ሰጠኝ።

የድሮ ቤታችሁን ለመልቀቅም ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አለባችሁ። ካልተጠነቀቃችሁ የሁለት ቤት ኪራይ ትከፍላላችሁ።

ባቡሩን በተመለከተ ጋሽ ኢዛር አልተናገሩም፣ እኔ ልናገር። ኤስ 8 በየሃያ ደቂቃው ነው። ደህና ሲሆን ደህና ነው። ግን መሃል ከተማ ያለው ዋና ዋሻ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ አንድ ነገር ከተፈጠረ መስመሩ ሁሉ ይታመማል። ሁለተኛው ዋሻ ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው። መጀመሪያ በ2026 ያልቃል ተብሎ ነበር። አሁን የሚነገረው ከ2035 በኋላ ነው። ልጅሽ ያን ጊዜ ጎረምሳ ሆናለች። ቅዳሜና እሁድ ለሥራ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ባልሽ ነው የሚቸገረው፣ አንቺ ወደ ኤርፖርት አቅጣጫ ስለሆንሽ ብዙም አይነካሽም።

ቤቲ_ኢዛርታል

እኔ የምሠራው በሌላኛው ጫፍ ነው፣ ግሩንቫልድ። ቤት ውስጥ ልጆች እጠብቃለሁ። ከሙኒክ በትራም 25 እሄዳለሁ፣ ድንበሩን ትራሙ ላይ ተቀምጬ ነው የማልፈው። እዚያም ነዋሪው 11 ሺህ ገደማ ነው፣ ግን ገንዘቡ ሌላ ዓለም ነው።

የጋሽ ኢዛርን «መስመሩ ሁሉን ይቀይራል» የሚለውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ግብሩ ነው። አሠሪዬ አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ጌቨርበሽቶየር የሚባል የንግድ ግብር አለ። መነሻው በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው፣ የትርፉ 3.5 በመቶ። ከዚያ እያንዳንዱ ጌማይንደ የራሱን ማባዣ ያወጣል። ሙኒክ 490 በመቶ ነው፣ ግሩንቫልድ 240። እንግዲህ 100 ሺህ ዩሮ ያተረፈ አክሲዮን ማኅበር ሙኒክ ላይ 17,150 ዩሮ ይከፍላል፣ ትራሙን ተሳፍሮ ግሩንቫልድ ሲወርድ 8,400። ለዚያ ነው እዚያ አንድ የፖስታ ሣጥን ላይ ብዙ የድርጅት ስም ተደርድሮ የምታዩት።

ድሮ ጭራሽ ዜሮ የሚያስከፍል መንደር ነበር፣ ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ ኖርደርፍሪድሪሽስኮግ ይባላል። ነዋሪው አርባ ገደማ ሰው ነበር፣ ትልልቅ ድርጅቶች ግን እዚያ ቢሮ አለን ይሉ ነበር። ከ2004 ጀምሮ ማንም ከ200 በመቶ በታች እንዳይወርድ ሕግ ወጣ።

ይኼ ሁሉ ለሂሩት ምን ይጠቅማታል ብትሉ፣ ጌማይንደዋ ገንዘብ ካላት ትምህርት ቤቱና መጫወቻ ሜዳው ላይ ይታያል። እኔ የምጠብቃቸው ልጆች የሚሄዱበትን መጫወቻ ቦታ ብታዩት ትስቃላችሁ፤ የኛ ሰፈር ፓርክ ሲያዩት ያፍራል።

የኢዛር_ዳር

ቤቲ ጎበዝ፣ ሒሳቡን አሳምረሽ ነው ያስቀመጥሽው። እኛም ጋ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያው ነው። ፕሮዚበንዛት የሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እኛ ጋ ነው። ስካይ እኛ ጋ ነው። የሁለተኛው ቴሌቪዥን፣ የፃትዴኤፍ፣ የባየርን ስቱዲዮ እኛ ጋ ነው። አሊያንዝ ኢንሹራንስ ትልቅ ግቢ አለው። መንገዱ ራሱ ሜዲየንአሌ ይባላል። ከነዋሪው ቁጥር የሠራተኛው ቁጥር ይበልጣል፤ ያውም በእጥፍ ገደማ። አብዛኛው ሰው ጠዋት በባቡር መጥቶ ማታ በባቡር የሚመለስ ነው።

የሂሩት ባል ማታ ሰው የለም ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። ትክክል አይቷል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉት ሁሉ ወደ ጣቢያው ይጎርፋሉ። ከዚያ ጸጥ ነው። ምሳ ቤቶቹ አንዳንዶቹ ቅዳሜና እሁድ ጭራሽ አይከፍቱም። ግን ያ የቢሮው ወገን ነው። የድሮው መንደር፣ የቫለንቲን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ሌላ ነው። እዚያ ሰው ይተዋወቃል። እንዲያውም ከመጠን በላይ። ብስክሌቴን የት እንዳቆምኩ ከኔ በላይ የሚያውቁ አሮጊት አሉ።

ይኼ ገንዘብ ግን ሁሉም ኪሳችን ውስጥ አይቀርም። ጌማይንደዋ ከገቢዋ ትልቅ ድርሻ ለላንድክራይሱ ታስረክባለች። ደግሞ የንግድ ግብር የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ከከሰረ ወይም ከለቀቀ በጀቱ ይናጋል። በጥቂት ድርጅት ላይ የተንጠለጠለ መንደር ሀብታም ነው ብሎ ዝም ብሎ መተኛት አይችልም። ይኼ የኔ አስተያየት ነው።

አሁን ስለ ድንበሩ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ አሁንም እየኖርንበት ስለሆነ። በፈረንጆች 1158 ድልድዩ የነበረው ፎሪንግ ነው። የጨው ጋሪ ኢዛርን የሚሻገረው እዚያ ነበር፣ ቀረጡን የሚበላው ደግሞ የፍራይዚንግ ጳጳስ። መስፍኑ ሃይንሪክ አንበሳው ይኼን አልወደደም። ድልድዩን አፈረሰውና ንግዱን ወደ ራሱ ቦታ አዞረው። ያ ቦታ ሙኒክ ነው። ንጉሠ ነገሥት ባርባሮሳ ሰኔ 14 ቀን አውግስቡርግ ላይ አስታረቃቸው፤ ገበያው ሙኒክ ይቀራል፣ ጳጳሱ ከገቢው ሢሶ ያገኛል ተባለ። ሙኒክ ልደቷን የምታከብረው ከዚያ ቀን ቆጥራ ነው። ከሁለቱ ፎሪንጎች የላይኛው፣ ኦበርፎሪንግ፣ በ1913 ከሙኒክ ጋር ተቀላቀለ። የታችኛው፣ የኛው፣ ለብቻው ቀረ። ዛሬ እኛ ጋ ኢዛርን የሚሻገረው ትልቁ መንገድ ድልድዩ የሃይንሪክ ስም ነው ያለበት። ድልድይ ላፈረሰ ሰው ድልድይ! እኔ ባልፍ ባልፍ አይለመደኝም።

ከዚያ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የኃይል ማመንጫው ነገር ነው። ከሩቅ የሚታየው ትልቁ ጭስ ማውጫ፣ ሃይትዝክራፍትቬርክ ኖርድ፣ የሙኒክ ከተማ ንብረት ነው። የተተከለው ግን በኛ መሬት ላይ ነው። በ2017 ኅዳር ላይ «የድንጋይ ከሰሉ ይቁም» ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። 60 በመቶ ገደማው ይቁም አለ። ድምፅ የሰጡት ግን የሙኒክ ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። ከጭስ ማውጫው ሥር የምንኖረው እኛ አልመረጥንም፤ ሌላ ጌማይንደ ነና! ከሰሉም በተባለው ጊዜ አልቆመም፣ ለመብራት መረቡ ያስፈልጋል ተብሎ ቆየ። ወደ ጋዝ የተቀየረው በ2024 ነው። ልዩነቱ ምን ያመጣል ላልሽኝ ይኼ አንዱ መልስ ነው። የሙኒክን ጉዳይ ሙኒክ ይወስናል፣ አንቺ በመስኮት ታዪዋለሽ።

በሌላ በኩል የራሳችን የምንለው አለን። ጌማይንደዋ የራሷ የማሞቂያ ድርጅት አላት። ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ሙቅ ውሃ ያወጣል፣ ሙቀቱን በቱቦ ለየቤቱ ያደርሳል። የምታዩት ቤት ከዚያ መስመር ጋር የተያያዘ መሆኑን አከራዩን ጠይቂው። ጋዝ ሲወደድና ሲረክስ ልብሽ አብሮ እንዳይወጣና እንዳይወርድ።

ደግሞ ድምፅ ባይኖረንም አፍ አለን። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው በጌማይንደ ምርጫ አይመርጥም። ግን በባየርን ሕግ ከንቲባው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ነዋሪውን መሰብሰብ አለበት፣ ቡርገርፈርዛምሉንግ ይባላል። እዚያ ለመናገር ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። እኔ ገና ወረቀቴ ሳይስተካከል ተነስቼ ስለ ጣቢያው የብስክሌት ማቆሚያ ተናገርኩ። ጀርመንኛዬ የሚያስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም፣ ጻፉት፣ መልስ በደብዳቤ መጣልኝ። ሙኒክ ብኖር ከንቲባውን የማየው በቴሌቪዥን ነበር። የኛው ዳቦ ቤት ይሰለፋል።

ለልጅሽ፦ አሁን ያለችበት ኪታ (መዋለ ሕፃናት) የከተማው ከሆነ፣ ከከተማው ስትወጡ ቦታዋን ላያቆይላት ይችላል። ውሉን አንብቢ። ለአዲሱ ደግሞ ቁልፍ እስክትቀበይ አትጠብቂ፤ ለመዛወር እንደወሰናችሁ ራትሃውስ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ደውዪና ቦታ መኖሩን ጠይቂ። በሕግ መብት አላት፣ ግን መብት ያለው ልጅ ሁሉ መስከረም ላይ ነው የሚመጣው፤ በዓመቱ መሃል የሚገባ ክፍት ቦታ ይጠብቃል። ለትምህርት ቤቱ አትስጊ። አንደኛ ደረጃው እዚያው ነው፣ ጂምናዚየምም (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃ) አለን።

በጋ ላይ ፌሪንጋዜ ሐይቅ አለላችሁ። በሰባዎቹ ለአውቶባኑ ጠጠር ሲወጣበት የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፣ አሁን ውሃው ንጹሕ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በአንዱ ወገን ራቁት የሚዋኙበት ቦታ አለ። ምልክቱን እዩ። ዘመድ ልታስጎበኚ ስትወስጂ በተለይ።

ናቲ_ፓዚንግ

ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ምክር ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ አልሄድም ነበር 😂

ሂሩት_ኦስት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ፤ ለባለቤቴ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ቲጂ፣ ውሉን አየሁት፣ ኢንዴክስሚተ ነው። ኩሽናው ግን የቤቱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤቴ «እኔ አድራሻዬን አልቀይርም፣ ጓደኛዬ ቤት ሙኒክ ተመዝግቤ ልቆይ፣ ዜግነቱ ሲወጣ እዛወራለሁ» ይላል። ጓደኛውም ፈቃደኛ ነው። ይቻላል?

ቲጂ_ፍራይማን

በፍጹም!! ጋሽ ኢዛር ያብራሩላችሁ፣ እኔ ግን በፍጹም እላለሁ።

ኢንዴክስሚተው አያስደነግጥ፤ ብቻ በየዓመቱ ትንሽ አስቀምጡለት። ጭማሪው እንዲሁ አይመጣም፣ አከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ በሁለት ጭማሪ መካከልም ቢያንስ ዓመት ይሞላል።

የኢዛር_ዳር

አይቻልም። የማይኖርበትን ቤት አድራሻ ማስመዝገብ ጥፋት ነው፣ ቅጣት አለው። ጓደኛው ደግሞ ይብስበታል። ሰው ሳይኖርበት አድራሻውን ለምዝገባ የሚሰጥ እስከ 50 ሺህ ዩሮ ሊቀጣ እንደሚችል ሕጉ ላይ ተጽፏል። ያን ያህል ባይቀጡትም እንኳ፣ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በሐሰት አድራሻ ተያዘ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሚስቱና ልጁ ኡንተርፎሪንግ፣ እሱ ብቻውን ጓደኛው ሶፋ ላይ? ፋይሉን የሚያየው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼ ነው። ወራት ለማትረፍ ብሎ ዓመታት እንዳይከስር። ወንድሜን እንዲህ ብሎሃል በዪልኝ።

የሚያደርገው ይኼን ነው። ዛሬ ያንን ደብዳቤ ይጻፍ። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ቤቱ ከተመቻችሁ ፈርሙ፤ ሦስት ክፍል ቤት የመሥሪያ ቤት መልስ አይጠብቅም። በዚህ በኩል ናቲ ልክ ነው። ከገባችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኡንተርፎሪንግ ራትሃውስ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ከሙኒክ መሰረዝ አያስፈልጋችሁም፣ እነሱ ይነጋገራሉ። ፓስፖርታችሁን፣ የመኖሪያ ካርዳችሁን፣ የልጅቷን የልደት ወረቀትና አከራዩ ቤቱ መግባታችሁን የሚፈርምበትን የቮኑንግስጌበር ማረጋገጫ ያዙ። ይኼኛውን ወረቀት ቁልፍ ስትቀበሉ እዚያው አስፈርሙት፤ በኋላ አከራይ መፈለግ አድካሚ ነው። ከዚያ ባልሽ በዚያው ቀን ለካፋውኤር አዲሱን አድራሻ ይላክ። ሥራ ከቀየረ ወይም ደመወዙ ከተለወጠም አብሮ ይግለጽ፣ አዲሱ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ለባቡሩ ደግሞ ቲጂ ያለችው እውነት ነው። መሃሉ ሲዘጋ ባልሽ ከኛ ጋ በአውቶቡስ ሽቱደንተንሽታት ጣቢያ ድረስ ይሂድና ዩ 6ን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ይያዝ፣ መሃል ከተማ ያገባዋል። አንድ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን በዪው፤ መንገዱን አሳየዋለሁ።

ሂሩት_ኦስት

እሺ ጋሼ። ደብዳቤውን አሁን እየጻፈ ነው። አክተንጻይኸን የሚለውን ወረቀቱ ላይ የት እንደሚገኝ እየፈለግን ነው።

ቤቲ_ኢዛርታል

ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከቀኑ አጠገብ። አንዳንዴ «ኡንዘር ጻይኸን» ተብሎ ይጻፋል።